ባዶ ስለሚባለው መሬት



ባለፈው ዓመት በዚሁ መጽሔት ላይ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ሎጊያና ስለ ሠመራ መንገዶች የጻፈውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱት ይሆናል። ጽሑፉ ያማረ ነበር። ነገር ግን ወደ መጨረሻው ግድም «ከከተሞቻችን ውጭ ያለው መሬት ባዶ ስለ ሆነ እንደ ልብ ለማልማት የሚከለክለን የለም» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረበት። ያን ዐረፍተ ነገር ካነበብሁ ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጸሐፊው የሰፈራችን ልጅ ስለ ሆነ አያሌ ጊዜ ተከራክረንበታል፤ እስካሁንም አልተሸናነፍንም። ስለዚህ ዘንድሮ የመጽሔቱ አዘጋጆች ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ርእስ ፍለጋ አልደከምሁም።

ለማያውቁኝ ወላጆች ጥቂት ልናገር። እኔ የተወለድሁትና ያደግሁት ሎጊያ ነው። አባቴ የባቲ ሰው ሲሆን በመንገድ ጥገና ሥራ ግሬደር ይነዳል። እናቴ ወደ ጅቡቲ ለሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ እየሠራች ትሸጣለች። አፋርኛ በደንብ እሰማለሁ፤ ስናገር ግን ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር የምንጋራ አንዲት አፋር ጓደኛ አለችኝ። የሷን ስም መጻፍ አልፈልግም፤ እሷም እንዳልጽፈው ነግራኛለች።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልመለስ። ባዶ ማለት ምን ማለት ነው? በመጀመሪያ ቁጥሩን እንመልከት። በ1999 ዓ.ም. በተጀመረው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአፋር ክልል የተቆጠረው ሰው ወደ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ የሚጠጋ ሲሆን፣ የክልሉ የቆዳ ስፋት ደግሞ ከ72 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን ብናካፍለው ለአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 19 ሰው ያህል ይደርሰዋል። በከተማ የሚኖረው ያን ጊዜ ከመቶው 13 ያህሉ ብቻ ነበር። የተቀረው ሕዝብ ኑሮው በግመል፣ በላም፣ በፍየልና በበግ ላይ የተመሠረተ ነው።

በዚህ ቆጠራ ውስጥ እኔን ያስገረመኝ አንድ ነገር አለ። ቆጠራው በአብዛኛው የአገራችን ክፍል በግንቦት 1999 ዓ.ም. ሲካሄድ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ግን የተካሄደው በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነው። የግንቦትን ሐሩር በሎጊያ ያየ ሰው ይህን ለማስተዋል ብዙ ምርምር አያሻውም። በሐጋዩ ወራት ቤተ ሰቡ የት እንደ ወረደ፣ ከብቱ ከየትኛው ውኃ ላይ እንዳለ ለማግኘት ቆጣሪው ራሱ ግመል ሊኖረው ይገባል። አንድን ሕዝብ ለመቁጠር እንኳ የወቅቱን ሁኔታ መጠበቅ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ለዚያው ሕዝብ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ለማቆም ወቅትን ሳይቈጥሩ ካርታ ላይ ነጥብ ማስቀመጥ እንዴት ይበቃል?

ይህን ለራሴ ለማስረዳት በሒሳብ ደብተሬ ጀርባ ላይ የሠራሁትን ስሌት ላካፍላችሁ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር የተያዘው ደንብ፣ ለ5 ሺህ ሰው ያህል አንድ ጤና ኬላ ይሠራ፣ በውስጡም ሁለት ሠራተኞች ይመደቡ የሚል ነው። ለደጋው አገር ይህ መልካም ደንብ ነው፤ አምስት ሺህ ሰው በአንድ ቀበሌ ተጠጋግቶ ይኖራልና። በእኛ ክልል ግን 5 ሺህ ሰው ለማግኘት፣ በ19 ስናካፍል፣ ወደ 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል። ይህም እያንዳንዱ ጎኑ 16 ኪሎ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ማለት ነው። ጤና ኬላው ልክ በመካከሉ ቢቆም እንኳ ከማዕዘኑ ላይ ያለች ነፍሰ ጡር ሴት ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። ደግሞ 19 ሰው የሚለው አማካይ ነው። ሰው ይበልጥ በሳሳበት አካባቢ በካሬ ኪሎ ሜትር አምስት ሰው ብቻ ቢኖር፣ አራት ማዕዘኑ ጎኑ ከ31 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ደንቡ በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ነው፤ በእግር ሲኬድ ግን እኩል አይደለም። እናቴ ይህን ስሌት ባሳየኋት ጊዜ «ይህን ሁሉ ለማወቅ ደብተር ምን አስፈለገሽ? እኔን ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር» አለችኝ።

በቤተ መጻሕፍታችን ካሉት የጂኦግራፊ መጻሕፍት በአንዱ ውስጥ ስለ ዋልተር ክሪስታለር አንብቤአለሁ። ይህ ጀርመናዊ ሊቅ በ1933 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሰው በእኩልነት ተሰራጭቶ በሚኖርበት ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ትንንሽ የአገልግሎት ቦታዎች ተቀራርበው፣ ትልልቆቹ ደግሞ ተራርቀው እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን ሆነው እንደሚደረደሩ አስረድቷል። ለአንድ ሱቅ ወይም ሐኪም ቤት መቆም የሚበቃው የሰው ቁጥር አለ፤ ሰውም ለዚያ አገልግሎት ሊሄድ የሚፈቅደው ርቀት አለ። ሁለቱ ካልተገናኙ ሱቁ ይዘጋል። ይህን ሳነብ ፈገግ አልሁ፤ ለጥ ያለ ሜዳስ እኛም አለን። ነገር ግን በሜዳችን ላይ ያለው ሰው በካርማ ዝናብ አንድ ቦታ፣ በሱጉም ሌላ ቦታ፣ ዝናብ በጠፋበት ጊዜ ደግሞ ከወንዙ ዳር ይገኛል። የማር እንጀራው ቀዳዳ በየወቅቱ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው።

እንዲያውም በእኛ አገር የሚንቀሳቀሰው ሰው ብቻ አይደለም፤ መሬቱም ራሱ ይንቀሳቀሳል። ሰርዶ በ1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት ተሰንጥቆ የዓለም ሊቃውንት ሊመለከቱት መጥተዋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በኩል በደረሰው መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቆ ወጥቷል። በቆርቆሮና በብሎኬት ከተሠራ ቤት ይልቅ ሴቶች በሰሌንና በእንጨት የሚያቆሙት፣ በግመል የሚጫነው ዓሪ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ሰው እንደማይገድል ማሰብ ተገቢ ነው። ይህን የምለው ሁላችንም ወደ ዓሪ እንግባ ለማለት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ አዋሽ እመጣለሁ።

አዋሽ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚቀር ወንዝ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። በክረምት ደጋው ሲዘንብ ወንዙ ሞልቶ ከዳር ዳር ይተኛል። ውኃው ሲጎድል እርጥበቱ በመሬቱ ውስጥ ይቀራል፤ ሣርም ይበቅላል። ዝናብ በሚዘንብበት ጊዜ ከብቱ እስከ ሩቅ ሜዳ ድረስ ይበተናል፤ ሜዳው ሲደርቅ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ይህን ከጓደኛዬ አያት ስሰማ በመጀመሪያ ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የዝናቡ ወራት መሬት እጅግ ሰፊ ነው፤ የድርቁ ወራት መሬት ግን በወንዙ ዳር ያለ ጠባብ ቀበቶ ነው። ጠባቡ ከተወሰደ ሰፊው ለምንም አይረባም፤ በዘጠኝ ወር የተሰባ ከብት በሦስተኛው የድርቅ ወር ይሞታልና። በሐምሌ የወንዙን ዳር ያየ መንገደኛ «ባዶ ነው» ቢል አይፈረድበትም። መሬቱ ግን ባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ አድሮ የሚጠብቅ የበጋ ስንቅ ነው።

ይህ ያልታሰበበት ጊዜ ነበር። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። አንድን የወንዝ ሸለቆ በሙሉ በአንድ ፕላን ለማልማት በኢትዮጵያ የተደረገ የመጀመሪያው ሙከራ ስለ ነበር በዘመኑ ትልቅ ተስፋ ተጥሎበታል። በተንዳሆና በዱብቲ ሚቼል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ጥጥ አለማ፤ በመካከለኛው አዋሽም እነ አሚባራ የጥጥ አገር ሆኑ። ከ1961 እስከ 1965 ዓ.ም. የቆየው ሦስተኛው የአምስት ዓመት ፕላንም እንዲህ ያለውን ትልልቅ እርሻ ያበረታታ ነበር። ጥጡ ለአገሪቱ ፋብሪካዎች ጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን እርሻው የያዘው መሬት ያንኑ ጠባብ ቀበቶ ነበር። ከዚያም የ1965 ዓ.ም. ድርቅ መጣ። ከብቶቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ወንዙ ሲወርዱ ከፊታቸው ቦይና ጥጥ አገኙ። በዚያ ዘመን በአፋር ሰውና ከብት ላይ የደረሰው እልቂት ከዝናቡ መጥፋት ብቻ እንዳልመጣ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አስረድተዋል።

በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥት ሲሆን እርሻዎቹ የመንግሥት እርሻ ሆኑ፤ ባለቤቱ ተለወጠ፣ ጥጡ ግን እዚያው ቆየ። በ1970ዎቹ ደግሞ በረሃማነትን ለመከላከል ተብሎ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻም ዛፍ በአዋሽ ዳር ተተከለ። ፍሬውን ፍየልና ግመል ይወዱታል፤ ዘሩ በፋንድያቸው እየተበተነ በሄዱበት ሁሉ ይበቅላል። ዛሬ በገዋኔ በኩል በመኪና ያለፈ ሰው ግራና ቀኙ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ሆኖ ሲያይ «እንዴት ለምለም አገር ነው!» ይላል። ከሥሩ ሣር እንደማይበቅል፣ እሾኹም የከብት ሰኮና እንደሚበሳ ከመኪና ሆኖ አይታይም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ደግሞ በተንዳሆ ለሸንኮራ አገዳ ግድብ መሥራት ተጀመረ፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም በአፋር፣ በሶማሌ፣ በጋምቤላና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልሎች ተበታትኖ የሚኖረውን ሕዝብ በመንደር የማሰባሰብ ሥራ በሰፊው ተያዘ። አሳቡ «ሰው ከተሰበሰበ ውኃ፣ ትምህርትና ጤና ማድረስ ይቀላል» የሚል ነበር። ከላይ ያሳየኋችሁን የደብተሬን ስሌት ለሚያስታውስ ሰው ይህ አሳብ ከንቱ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

የጓደኛዬ ቤተ ሰብም በአንዱ እንደዚህ ባለ መንደር ገብተዋል። ባለፈው ጥር በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ከሷ ጋር ሄጄ አራት ቀን ተቀመጥሁ። ከሎጊያ እስከ ዱብቲ በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ እህል በጫነ አይሱዙ ላይ፣ የቀረውን በእግራችን ሄድን። መንደሩ በአንድ መስመር የተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች አሉት። ከያንዳንዱ ቤት ጀርባ ግን አንድ አንድ ዓሪ ቆሟል። ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ዓሪ ውስጥ ነው፤ የቆርቆሮው ቤት እንደ ምጣድ ይግላልና ግልገሎችና የዱቄት ከረጢት ብቻ ይቀመጡበታል። ሰውን ስለ ቤት ሳይጠይቁ ቤት መሥራት እንዲህ ያለውን ነገር ያመጣል። የውኃው ሞተር አንድ ዕቃው ስለ ተሰበረ ከቆመ ሰንብቷል፤ ዕቃውን ሊልክ ቃል የገባው መሥሪያ ቤት አልላከም። ሴቶቹ ውኃ የሚቀዱት ከመስኖው ቦይ ነው።

በአንጻሩ ደግሞ መልካሙን ነገር ብደብቅ ሐሰተኛ እሆናለሁ። በመንደሩ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ፤ አስተማሪው ወጣት አፋር ሲሆን ልጆቹን በአፋርኛ ያስተምራል፤ ልጆቹ ይወዱታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የጓደኛዬን የእኅት ልጅ ስትከትብ በዐይኔ አይቻለሁ። የጓደኛዬ እናት ከወለዷቸው ልጆች ሁለቱ በሕፃንነታቸው ሞተዋል። «ያን ጊዜ ይህች ልጅ ብትኖር» እያሉ የጤና ሠራተኛዋን ያመሰግናሉ። ይህን የሰማ ሰው መንደር ማሰባሰብን በጅምላ ሊነቅፍ አይችልም።

ይሁን እንጂ ቤተ ሰቡ በመንደሩ ያለው በግማሽ ነው። ወንድሞቿና አጎቷ ከግመሎቹ ጋር በምዕራብ በኩል ናቸው። እናቷን «ሁላችሁም ለምን አንድ ላይ አትሰበሰቡም?» ብዬ በተሰባበረ አፋርኛዬ ጠየቅኋቸው። በመጀመሪያ በአነጋገሬ ሳቁ፤ ቀጥለውም እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ የሷን የደብተርና የሳሙና ገንዘብ ማን የሚከፍል ይመስልሻል? ባለፈው ዓመት ሁለት ፍየል ሸጬ ነው የላክሁት። ፍየሎቹ እዚህ ቢመጡ ምን ይበላሉ? ቆርቆሮ?» ከዚህ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቅሁም።

በሦስተኛው ቀን አጎቷ ከምዕራብ መጣ። እዚህ ላይ ስለ ዳጉ መጻፍ አለብኝ፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ የደጋ ዘመዶች ያሏችሁ ግን እንደ ተራ ሰላምታ ትቆጥሩት ይሆናል። ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ተቀምጠው የሰሙትንና ያዩትን በተራ ይነጋገራሉ። የቸኮለ ሰው እንኳ ዳጉ ሳይለዋወጥ አያልፍም፤ ያላየውን አየሁ ብሎ የሚናገርም ይነቀፋል። አጎቷና አያቷ ግማሽ ሰዓት ያህል ተነጋገሩ። አንደኛው ሲናገር ሌላው በአጭር ቃል ብቻ እየተቀበለ ያዳምጣል። የዳዳዕ ዝናብ በየት በየት እንደ ጣለ፣ የትኛው ጉድጓድ ውኃው እንደ ጎመዘዘ፣ የግመል ሕመም ከየት እንደ ተሰማ፣ የትኛው መንገድ በፕሮሶፒስ እንደ ተዘጋ፣ ከጎረቤት ጋር ሰላም መሆኑን፣ ማን እንደ ወለደና ማን እንደ ሞተ፣ ሁሉም በሥርዓት ተነገረ። በማግሥቱ ጠዋት ፍየሎቹ በሁለት ተከፈሉ፤ የሚታለቡት እዚያው ቀሩ፣ የቀሩት ከአጎቷ ጋር ሄዱ።

እኔ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በጂኦግራፊ ክፍል ፕላን ለማውጣት መረጃ መሰብሰብ፣ መረጃውን ማጣራት፣ ከዚያም መወሰን ያስፈልጋል ብለን ተምረናል። ያየሁት ይህንኑ ነበር። ልዩነቱ፣ የመሥሪያ ቤት ፕላን በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ሲወጣ የነሱ በየሳምንቱ ይታደሳል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ በዱብቲና በአሳይታ በኩል ብዙ መንደሮችን ሲያጥለቀልቅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቅሎ ነበር። የጓደኛዬ አያት ከዚያ በፊት ቤቶቹ የሚሠሩበትን ቦታ አይተው «ይህ የውኃ መተኛ ነው» ብለው እንደ ነበር ነገሩኝ። የሳቸውን ቃል በካርታ ላይ ያሰፈረ ሰው አልነበረም።

ወደ ሎጊያ ስመለስ ይህን ሁሉ ለአባቴ አጫወትሁት። አባቴ ሠላሳ ዓመት በረሃ ላይ መንገድ የደለደለ ሰው ስለ ሆነ በቀላሉ አይረታም። «ልጄ፣ አሳብሽ ደግ ነው» አለኝ፤ «ነገር ግን እኔ ግሬደሩን የምነዳው ወደ አንድ ቦታ ነው። ሰው ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ከሆነ መንገዱን ወዴት ልሥራው? በግመል ዱካ ላይ ጠጠር አይነጠፍም። የተማረ ሐኪምስ ድንኳን ይዞ ይዞራል?» እኔም «አባዬ፣ የባቲ ገበያ ከሰኞ በቀር በሌላው ቀን የት ይኖራል?» አልሁት። አባቴ ሳቀ፤ የባቲን ነገር ካነሡበት ልቡ ይለሰልሳል። የባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ ይቆማል። ከደጋው አማራውና ኦሮሞው እህል ይዞ ይወርዳል፣ ከቆላው አፋሩ ግመልና ፍየል፣ አሞሌም ጭምር ይዞ ይወጣል። ሥፍራው ከደጋና ከቆላው መገናኛ ላይ ነው። በዚያ ቀን የሚገኘውን የሰው ብዛት ለማኖር ከተማ ቢሠራ አይበቃም፤ ሰውም በዚያ መኖር አይፈልግም። የሚፈልገው በታወቀ ቀን፣ በታወቀ ቦታ፣ የሚሸጥለትንና የሚገዛውን ማግኘት ነው። ከብት ሐኪሙ፣ ክትባቱ፣ ዳኛው፣ መታወቂያ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት እንዲሁ በገበያው ቀንና በውኃው ዳር ቢገኙ ምን ይጎዳል? አባቴ ትንሽ አሰብ አደረገና «ለመታወቂያውስ ይሆናል» አለ። ከአባቴ ይህን ማግኘት ቀላል አይደለም።

ትምህርት ግን እንደ መታወቂያ በሳምንት አንድ ቀን የሚሰጥ ነገር አይደለም። በዚህ አባቴ ትክክል ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከነላቦራቶሪውና ከነመምህራኑ በግመል አይዞርም። በክልላችን ለታናናሾቹ ክፍሎች አማራጭ መሠረታዊ ትምህርትና ተንቀሳቃሽ ትምህርት ቤቶች ተሞክረው ብዙ ልጆች ፊደል ቈጥረውባቸዋል። ከዚያ በላይ ላለው ግን የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ትምህርት ቤቱ በአንድ ቦታ ይቁም፤ ተማሪውም ከርሱ ጋር ይደር። ወላጆቹ ግን ስለ ትምህርት ብለው ከከብታቸው አይለዩ። በአጭሩ፣ ከመቶ የቆርቆሮ ቤት ይልቅ አንድ ደኅና የተማሪዎች መኝታ ቤት ይሻላል እላለሁ።

ይህ የኔ ፈጠራ እንዳልሆነ ሌላ መጽሐፍ ሳነብ አገኘሁት። ሞንጎልያ ከእኛ ክልል ይልቅ ሰው የሳሳባት አገር ናት፤ ከ1 ሚሊዮን 500 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መሬት ላይ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ይኖርባታል። አብዛኛው አርብቶ አደር በነበረበት ዘመን በየወረዳው ማዕከል ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤትና ለእረኞች ልጆች መኝታ ቤት ተሠራ። ወላጆች ከከብታቸው ጋር ይዘዋወራሉ፤ ልጆቻቸው በማዕከሉ ይማራሉ። በዚህ ዘዴ ማንበብና መጻፍ በዚያ ሰፊ አገር ተዳረሰ። ከ1990 እ.ኤ.አ. በኋላ ሥርዓቱ ተለውጦ ለመኝታ ቤቶቹ የሚከፈለው ገንዘብ ሲቀንስ ግን ብዙ ልጆች ትምህርት አቋርጠው ወደ ከብት ጥበቃ ተመለሱ። ትምህርት ቤቶቹ አልፈረሱም ነበር፤ የጎደለው አልጋውና ምግቡ ነው። ከዚህ የምንማረው ነገር ለእኛ እጅግ ቅርብ ነው።

ቅርብ ነው ያልሁበት ምክንያት አለኝ። ጓደኛዬ ታናሽ እኅት አለቻት፤ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍልን ትጨርሳለች። በተማረችበት ቦታ ሁሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ከመውጣት ያለፈችበት ጊዜ የለም። እኔ ባየኋት ጊዜ የእናቷን ግልገሎች እየጠበቀች በአንድ አሮጌ የሳይንስ መጽሐፍ ላይ የተሳለውን የልብ ሥዕል በጣቷ እየተከተለች ደም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ታጠና ነበር። በመስከረም ዘጠነኛ ክፍል መግባት አለባት። ባለፈው ዓመት በአንድ መኝታ ቤት ለሴቶች የነበረው አልጋ ከሚፈለገው በጣም ያነሰ ስለ ነበር፣ ከኛ ክፍል ሁለት ልጆች በኅዳር ሄደው አልተመለሱም። አንደኛዋ አግብታለች ብለው ነገሩን። ሁለተኛዋ የት እንዳለች ዳጉ እንኳ እስካሁን አላመጣልንም። ጓደኛዬ ራሷ እስካሁን የቆየችው በአክስቷ ቤት ነው፤ አክስቷ ደግሞ ወደ ጭፍራ ልትዛወር ነው።

ይህን መጽሔት የሚያነብቡ ወላጆች ብዙዎቹ የሎጊያ፣ የሠመራና የዱብቲ ነዋሪዎች ናችሁ። ሠመራ ከምንም ተነሥታ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአሳይታ የክልሉን ዋና ከተማነት ስትረከብ፣ በ2000 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲከፈትባት፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ሲሠራላት አይታችኋል። ሎጊያም ፕላን ሳይወጣላት የሾፌሮች ማረፊያ ሆና ነው የተቆረቆረች፤ በ1990 ዓ.ም. የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ትጠፋለች ሲባል የጅቡቲ መኪናዎች አቆዩአት። በነዚህ ከተሞች ያለው ቤት ሁሉ ሰው የሞላበት አይደለም። የመጽሔቱ አዘጋጆች ፈቃድ ስለ ሰጡኝ እንዲህ ብዬ እጠይቃለሁ። ለአንዲት ሴት ተማሪ አንድ ክፍል ወይም አንድ የክፍል ጥግ ከመስከረም እስከ ሰኔ ልታውሱ የምትችሉ ካላችሁ ለክፍል ኀላፊያችን ንገሩልን። ወላጆቿ በፍየል ወተትና በቅቤ ይረዳሉ እንጂ ኪራይ መክፈል አይችሉም።

የሰፈራችን ልጅ፣ ያን ዐረፍተ ነገር የጻፈው፣ አሁን በዩኒቨርሲቲ የከተማ ፕላን ይማራል። ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ላክሁለት። የመለሰልኝ ደብዳቤ አሁንም «ባዶ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ይዟል፤ ነገር ግን ታናሹን ወንድሙን የቤታቸውን የጓሮ ክፍል እንዲያሳየኝ አዞታል። ክፍሉን አየነው፤ ለሁለት ልጆች ይበቃል፤ ጣራው ብቻ ያፈሳል። በእኛም ቤት እናቴ ከሰል የምታስቀምጥበትን ክፍል ለማስለቀቅ ጀምራለች። አባቴ በመጪው ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ መስኮት ያወጣለታል፤ በዚያ ክፍል ያለ መስኮት የሎጊያን ግንቦት የሚችል የለምና።